የጋሼ መክብብ ንጉሥ

በፌርፋክስ፣ በሎስ አንጀለሱ የሐበሻ ሰፈር፣ ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የሚደወለው ለእኔ ነው። ሥራዬ ማተም ስለሆነ የሠርጉ ጥሪም፣ የክርስትናው ካርድም፣ የሟቹ ፎቶም በእጄ ያልፋል። ከብዛቱ የተነሳ ልቤ የደነደነ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ግን ጋሼ ደምሴ ሱቄ ገብተው አንድ ፎቶ በፊቱ ደፍተው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ፣ ፎቶውን ለመገልበጥ እጄ እምቢ አለኝ።

«መክብብ ነው» አሉኝ። «ቅዳሜ እንደ ልማዴ ልወስደው ሄድኩ። በሩን ባንኳኳ፣ ባንኳኳ አልከፈተልኝም።»

እኔ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። «ትልቅ አድርገህ አትምልኝ» ብቻ አሉ። «ጽሑፉን አብረን እንጽፈዋለን።»

እኚህ ሰው በአንድ ወቅት ያንኑ መክብብን ከቤታቸው ሊያስወጡ ጥቂት ነበር የቀራቸው። እንዴት እንዳላስወጧቸው በዓይኔ ያየሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ ጋሼ መክብብ ከማንም በፊት መናገር ያለብኝም እኔ ነኝ፤ ቅር የሚለው ካለ ይምጣና ያናግረኝ።

ጋሼ መክብብ የታሪክ መምህር ነበሩ። እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ኮሌጅ ውስጥ፣ ጡረታ እስኪወጡ አስተምረዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጁላይ ሙቀት እንኳ ቡናማ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። መኪና አይነዱም። በዚህ ከተማ መኪና የማይነዳ ሰው ወይ ሕፃን ነው ወይ ታሟል፤ እሳቸው ግን ጤነኛ ሆነው ከፒኮ ጎዳና እስከ ኦሎምፒክ ጎዳና በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። ራቅ ወዳለ ቦታ ሲሆን የሚያደርሷቸው ጋሼ ደምሴ ነበሩ። ጋሼ ደምሴ ዕድሜያቸውን በታክሲ የፈጁ ሰው ናቸው። ከማንም ሒሳብ ይቀበላሉ፤ ከመክብብ ግን ወሬ ብቻ።

የሰፈሩን ሰው የሚያስገርመው ግን መኪናው አልነበረም። ጋሼ መክብብ ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት አንድ የአየርላንድ ንጉሥ ነበር። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ሌንስተር በሚባል ግዛት የነገሠ ሰው ነው። ስሙ ለምላሳችን ስላልተመቸ «የጋሼ መክብብ ንጉሥ» እያልን እንጠራው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ካፌው በር ላይ ከጋሼ ደምሴ ጋር ማኪያቷቸውን ይዘው ሲቀመጡ፣ አላፊ አግዳሚው «ጋሼ፣ ንጉሡ እንዴት አደሩ?» ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም። እሳቸውም ኮስተር ብለው «ደኅና ናቸው፣ ይመስገን» ይላሉ።

አንድ ቀን አንዱ ነገረኛ፣ «የራሳችን ነገሥታት አልቀውብዎት ነው የፈረንጅ ንጉሥ ሲቆጥሩ የሚውሉት?» አላቸው።

«የኛዎቹን እናንተ ትጠብቃላችሁ» አሉት። «ያኛው ግን እዚህ ሰፈር ከእኔ ሌላ ሰው የለውም።»

ወሬያቸው ይጣፍጥ ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ ያን የሚያህል ጦር በመርከብ ጭኖ ያን ሰው ሊይዝ ሁለት ጊዜ እንደዘመተ ይነግሩናል። ሁለተኛው ዘመቻ ላይ ጫካ ለጫካ ሲያሳድደው፣ አገር ቤት የቀረው የአጎቱ ልጅ ዙፋኑን ወሰደበት። «ሊያስር ሄዶ ታሰረ» ይሉና እኛ ስንስቅ እሳቸው የራሳቸው ዘመድ ያሸነፈ ያህል ደረታቸው ይነፋል። ከሁሉ የምንወደው የፈረሱን ነበር። ንጉሡ ለድርድር ሲመጣ ከተራራ ላይ ቁልቁል የጋለበው ፈረስ በአራት መቶ ላም የተገዛ ነው ይባላል፤ ኮርቻም አልነበረውም።

ጋሼ ደምሴ የፈረሰኛ ልጅ ናቸውና ይህን በሰሙ ቁጥር ከወንበራቸው ይነሳሉ። «የፈረሱ ስምስ? አባ ማን ይባል ነበር?»

«አልተጻፈም።»

«አራት መቶ ላም ከፍለው ስሙን ሳይጽፉት ቀሩ? ምን ዓይነት ጸሐፊዎች ናቸው!»

እኔም ልገላግላቸው ብዬ «አባ ነጎድጓድ በሉትና ይለቅ» አልኩ። ጋሼ መክብብ ዞር ብለው አዩኝ። ተማሪዎቻቸውን እንዲያ ያዩ ከነበረ እግዚአብሔር ይሁናቸው። «ያልታወቀ ስም የእግዜር ነው» አሉኝ። «እጄን አልሰድበትም።»

ይህ ባዶ አነጋገር አልነበረም። የንጉሡን ትውልድ ሲቆጥሩ በጣታቸው ነው፤ አውራ ጣታቸውን መጀመሪያ ያቆማሉ፣ ከዚያ አንድ አንድ ጣት እያነሱ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ይላሉ። ስሙ ያልተረጋገጠ ሰው ላይ ሲደርሱ ያችን ጣት አጥፈው ያልፋሉ። ያጠፏትን ጣት ለማስነሳት ብዙ ሰው ሞክሯል፤ የተሳካለት የለም።

የንጉሡን ቤተሰብም እንደ ጎረቤት ቤት ያውቁት ነበር። በዚያ አገር መኳንንቱ ልጆቻቸውን ለሌላ ቤት በማደጎ ይሰጣሉ፤ ልጁ እዚያ ያድጋል፣ ከዚያ ቤት ልጆችም ጋር ወንድም ይሆናል። ጋሼ ደምሴ «ታዲያ ርስት ይካፈላሉ?» ብለው ጠይቀው ነበር።

«ርስት አይካፈሉም፤ ጦርነት ግን ይካፈላሉ» አሉ ጋሼ መክብብ። «ከሥጋ ወንድም ይልቅ የማደጎ ወንድም ነው ፊትህ ቆሞ የሚሞትልህ። እዚያ ቤት የማደጎ ልጅ ይቆጠራል፣ ደምሴ።» ይህን ሲሉ አውራ ጣታቸውን አቁመው ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ጋሼ ደምሴ ራሳቸው የዘር ነገር የሚሆንላቸው ሰው ናቸው። ሰባት ቤት ምናቸውም አይደለም፤ አሥራ ሁለት ድረስ ሳይተነፍሱ ይወርዱታል። አገር ቤት ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ለእሳቸው ግን ነገሩ ከዚያ አልፎ የሰው ልክ መለኪያ ሆኖባቸዋል። ጋሼ መክብብንም የወደዷቸው በዚሁ ይመስለኛል፤ የሰውን ንጉሥ እንዲህ የሚቆጥር የራሱማ የት ይደርሳል ብለው።

ጋሼ ደምሴ አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሕሊና የምትባል። እዚሁ ተወልዳ፣ ተምራ፣ ቶራንስ ውስጥ ኢንጂነር ሆና የምትሠራ፣ አባቷን በእጅጉ የምትወድ ልጅ ናት። አንድ ቀን ሱቄ መጥታ የማተሚያው ማሽን አጠገብ ቆመች።

«ጋሽ ታዴ፣ ሄልፕ ሚ፣ ፕሊስ። ኮነርን ታውቀዋለህ አይደል? በርባንክ ፊልም ስቱዲዮ የሚሠራው፣ የሳውንዱ ልጅ። ልንጋባ ነው። አባዬ ደግሞ ዘሩን የማይቆጥር ሰው ካገባሽ አባት የለሽም አለኝ። ሶ፣ እኔ ምን ላድርግ? ኮነርን አልተውም። አባቴ ከሌለበት ግን ሠርግ አልፈልግም።»

«ፈረንጅ ስለሆነ ነው?»

«ኖ! እሱን ኦኬ ብሏል። ሰባት ቤት ነው የሚለው።»

ሽምግልና እንድንሄድ የለመነችን እሷ ናት፤ እኔን፣ ጋሼ መክብብንና አንድ ሌላ ሰው። ሦስተኛው ጉንፋን ያዘኝ ብሎ ቀረ፤ ጋሼ ደምሴን ያውቃቸዋላ።

እሁድ ከሰዓት ካልቨር ሲቲ፣ አፓርታማቸው ደረስን። እንደ ወጉ በር ላይ ቆምን። የልጅቱ እናት እትዬ አስካለ ግቡ፣ ተቀመጡ ቢሉን ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ጋሼ መክብብ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ «አንተ» ሲሏቸው የኖሩትን ሰው «እርስዎ» ብለው ጀመሩ። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን መጥተናል።»

ጋሼ ደምሴም ወጉን ያውቃሉና «እስቲ ልጃችሁን ቁጠሩልኝ» አሉ። «ሰባት ቤት። የዛሬ ሳምንት ቆጠራውን ይዛችሁ ኑ።»

በማግስቱ ኮነርን ሱቄ ጠራነው። ቀይ ጢም ያለው፣ እጁን የት እንደሚያደርግ የሚጨንቀው ልጅ ነው። ያለ አባቷ አላገባትም አለን። ራሱን፣ አባቱን፣ አውቶቡስ ነጂ የነበረ አያቱን፣ ከአየርላንድ በመርከብ የመጣ ቅድመ አያቱን ቆጠረ። አራት። ከዚያ በላይ ባዶ። የቤተሰብ ስሙን ሲነግረን ግን እኔ ከወንበሬ ዘለልኩ፤ የጋሼ መክብብ ንጉሥ ነገድ ስም ነው፣ ቁርጥ እሱ!

«አለቀ!» አልኩ። «ከአራተኛው ዘለል አድርገን ንጉሡ ላይ እናሳርፈዋለን። ደምሴ ደብሊን ሄዶ አይጠይቅ!»

«ስም መመሳሰል ዘር አይደለም» አሉ ጋሼ መክብብ። «ያንን ስም ገበሬውም ይዞታል፣ አሽከሩም ይዞታል።»

«ልጅቷን አባት ልናሳጣት ነው እኮ፣ ጋሼ!»

«በውሸት ብናጋባት ነው አባቷን የምታጣው። ሰውዬው ሲደርስበት ምን ሊላት ነው?»

ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው። ሽማግሌ ነገር ሊያበርድ እንጂ ታሪክ ሊያስተምር አይሄድም ብዬ ስነታረክ ሰነበትኩ። አሁንም ቢሆን ማንኛውም ሌላ ሽማግሌ እኔ ያልኩትን ያደርግ ነበር። ለዚህ ነው ሌላ ሽማግሌ የማልረሳው ሰው ያልሆነው።

በቀጠሮው እሁድ እዚያው በር ላይ ቆምን። ጋሼ መክብብ እጃቸውን አነሱ። አውራ ጣት ቆመ፣ ኮነር። ሌባ ጣት፣ አባቱ። ከዚያ አያቱ። ከዚያ ቅድመ አያቱ። ትንሿ ጣት ላይ ሲደርሱ አጠፏት።

«ከዚህ በላይ አናውቅም» አሉ።

ጋሼ ደምሴ ፈገግ ሲሉ ደነገጥኩ። «ሕሊና ነግራኛለች» አሉ። «ስሙ ከዚያ ከንጉሡ ጋር አንድ ነው አይደል? እንግዲህ ከንጉሡ ዘር ነው በለኝና እንጨርስ።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ ማለት ነው! አንድ «አዎ» ብቻ ነበር የቀረችው። ወዳጁን ከወጥመድ ለማውጣት ሰውየው ራሱ ገመዱን ወርውሯል። እኔ ከኋላ የጋሼ መክብብን ኮት ጎተትኩ። ሕሊና ኮሪደሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል» አሉ። «አላውቅም፣ አቶ ደምሴ። የማላውቀውን አልምልም።»

«እንግዲያው ምን ይዛችሁ መጣችሁ?»

«ንጉሡን ካነሱ ግን አንድ ያልነገርኩዎት አለ። ሚስቱ የጠላቶቹ የእንግሊዞች ወገን ልጅ ነበረች፤ የአባቷ ርስት ወራሽ። እሱን በማግባቷ ርስቷን ነጠቋት። እሱ እንግዲህ ዘሩ እስከ ጥንት የሚቆጠር ንጉሥ ነው፤ ቆጣሪዎችም ነበሩት። ምንም አልረዳትም። ያ ሁሉ ጦር መጥቶ እጅ መንሳት ግድ ሲሆንበት፣ ለመታረቅ የጠየቀው ምን ነበር? የሚስቴን ርስት መልሱ ብሎ ነው።» ዓይናቸውን ወደ ሕሊና መለሱ። «ሰባት ቤት ቢቆጠር ልጅዎን ከሐዘን አያድናትም። የሚያድናት የእርሷን ርስት የኔ ብሎ የሚቆምላት ሰው ነው። የዚህች ልጅ ርስት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ይህ ልጅ ያለ አባቷ አላገባትም ብሎ በር ላይ የሚያስለምነን ለዚያ ነው።»

ጋሼ ደምሴ ፊታቸው ጠቆረ። ከነዚያ ነጣቂዎች ጋር የተቆጠሩ መሰላቸው። «ተረትህን ለተማሪዎችህ!» ብለው ጮኹ። «ሰባት ቤት የማይቆጥር ሰው እዚህ ቤት አይገባም። ጨርሻለሁ!»

ጋሼ መክብብ አጎነበሱና የኮታቸውን አንገት አስተካከሉ። «ጥሩ» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲያው እኔም ልውጣ።»

«አንተን ማን ውጣ አለህ?»

«እኔ የምቆጥረው አንድ ቤት ነው።» እጃቸውን እንደገና አነሱ። አውራ ጣታቸው ብቻ ቆሞ ነበር፤ ሌሎቹ አራቱ ታጥፈዋል። «ደሴ ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነው የተገኘሁት። ማን እንደወለደኝ አላውቅም። ወይዘሮ ትበልጥ የምትባል ልጅ ያልነበራት ሴት አንስታ፣ አውራ ጣቷን ማር ነክራ አጠባችኝ፤ በአገራችን ወግ ልጇ ሆንኩ። የምጠራበት የአባት ስም የእሷ አባት ስም ነው። ከእሷ በላይ የምቆጥረው ሰው የለኝም። ይህን ያህል ዓመት ከማዕድዎ በልቻለሁ፤ ደንቡን አላወቅኩም ነበር።»

እኔ ያችን ቅዳሜ አስታወስኩ፤ የማደጎ ልጅ ይቆጠራል ሲሉ የቆመችውን አውራ ጣት። ለካ እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ባሕር ማዶ ያለ ንጉሥ ቤት ሲመላለሱ የኖሩት የሚቆጠሩበት ቤት ስለሆነ ነው።

ጋሼ መክብብ ወደ በሩ ዞሩ። እትዬ አስካለ ከማድ ቤት ወጥተው ባላቸውን አዩ። ጋሼ ደምሴ ሲንቀሳቀሱ ሊያስወጧቸው መስሎኝ ነበር። ሄደው ወዳጃቸውን ከትከሻቸው ያዙና ያን ቡናማ ኮት በገዛ እጃቸው አወለቁላቸው። ኮቱን ክንዳቸው ላይ አጥፈው እንደያዙ ቆሙ።

«ተቀመጥ፣ አንተ!» አሉ።

ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ አልቋል፤ ይህን የማያውቅ አበሻ የለም። ሕሊና ኮሪደሩ ላይ እንደቆመች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ጋሼ መክብብ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም?» አሉ ጋሼ ደምሴ።

«የጠየቅከኝ ስለ ፈረስ ነበር» አሉ ጋሼ መክብብ።

የዚያን ሠርግ ጥሪ ካርድ ያተምኩት እኔ ነኝ፤ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ ያማረ ወረቀት አላስታውስም። ሕሊና አሁን የሴት ልጅ እናት ናት። ልጅቷ አያቷ ጭን ላይ ተቀምጣ በእናቷ በኩል አሥራ ሁለት ቤት ትወርዳለች፤ በአባቷ በኩል አራት ብላ ትንሿን ጣቷን ታጥፍና «ይቺ የእግዜር ናት» ትላለች። ጋሼ ደምሴ በዚህ የሚኮሩትን ያህል በአሥራ ሁለቱ አይኮሩም።

ሰኞ ዕለት ፎቶውን ካተምን በኋላ የሕይወት ታሪካቸውን ልንጽፍ ተቀመጥን። አጻጻፉን እጄ ያውቀዋል፤ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ ይላል። «ከአባታቸው ከአቶ» ብዬ ጽፌ ቆምኩ። የወይዘሮ ትበልጥን አባት ስም ልናስገባ እንችል ነበር፤ ማንም አያውቅብንም።

«የእርስዎን አባት ስም ብናስገባስ?» አልኩ ጋሼ ደምሴን። «ከዚያች እሁድ ወዲህ ወንድሜ ሲሏቸው ኖረው የለ?»

«ይቆጣናል» አሉ። «ደምስሰው። አባታቸው አይታወቁም ብለህ ጻፍ። ወይዘሮ ትበልጥ ማር አጥብተው አሳደጓቸው በል። አንብቤ የምናገረው እኔ ነኝ።»

ትናንት ቀበርናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ነበር፤ ኮሌጅ ያስተማሯቸው ሰዎችም መጥተዋል። ጋሼ ደምሴ ወረቀቱን ይዘው ወጡ። «አባታቸው አይታወቁም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሰው ተንሾካሾከ፤ እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት አይነበብማ። እሳቸው ወረቀቱን አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት። ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው አራቱን ጣት አጠፉ፣ አውራ ጣታቸውን አቆሙ።

«ይቺ ወይዘሮ ትበልጥ ናት» አሉ። «መክብብ የሚቆጥረው ይህን ነበር።»

ከዚያ ግራ እጃቸውን አወጡ፤ የዚያንም አራት ጣት አጥፈው አውራ ጣቱን ከመጀመሪያዋ አጠገብ አቆሙት።

«ይቺ ደግሞ እኔ ነኝ።»